ቃቄቄቄ

እህል ነጋዴው የጠየቀን ቀላል ነገር ነበር። የዕለቱን የበርበሬና የበቆሎ ዋጋ ከየከተማው ስም ጋር የሚያሳይ ስክሪን በሱቁ መስኮት እንዲቆምለት ይፈልጋል፤ በአማርኛ። ለዚህ የሚሆን ኮምፒውተር አለኝ ብሎ ከጓዳ ያስወጣው ግን ጀርባው የተቆለለ የድሮ ሞኒተር ያለው፣ ሃርድ ዲስኩ የሞተ፣ ራሙ ለዛሬው ዊንዶውስ ቀርቶ ለትናንትናውም የማይበቃ ማሽን ነው። ፍኖተ ሰላም ጥገና ቤት ያለው ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ብሩሽ አሳለፈበትና "ቦርዱ ጤነኛ ነው ጋሼ፤ ሌላው ግን አፈር ሆኗል" አለኝ።

ቦርዱ ጤነኛ ከሆነ በቂ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች የሚነሱት ዩኢኤፍአይ በሚባለው ዘዴ ስለሆነ ዶስ አይነሳባቸውም፤ ይህ ግን አሮጌውን ባዮስ ይዞ የቀረ ነው። ቀለል ያለ ሊኑክስ ብንፈልግለት አይታጣም ነበር። እውነቱን ለመናገር አሴምብሊ ለመጻፍ ሰበብ ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ሰበቡ ደግሞ በእግሩ መጣልኝ።

የመረጥነው ፍሪዶስን ነው። ማይክሮሶፍት የዶስ ነገር አብቅቷል ማለቱ ያልተዋጠለት ጂም ሆል የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ተማሪ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1994 ሰው ሁሉ በነጻ የሚጠቀምበት ዶስ እንጻፍ ብሎ ጥሪ አቀረበ። የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት እስኪወጣ 12 ዓመት ፈጀ፤ 1.3 የተባለው የወጣው በ2022 ነው። ዛሬ ማን ይጠቀምበታል ቢባል፣ ባዮስ የሚያድሱ ጠጋኞች፣ የድሮ ጨዋታ ወዳዶች፣ አሮጌ የፋብሪካ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች፣ እንዲሁም እንደ እኔ ሥራ የፈቱ። ለእኛ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በፕሮግራሙና በማሽኑ መካከል አጥር የለም። ዊንዶውስም ሊኑክስም ፕሮግራም በቀጥታ ከስክሪን ካርዱ ጋር እንዲነጋገር አይፈቅዱም። ዶስ ግን የፈለግኸውን ነካካ፣ ካበላሸኸው አጥፍተህ አብራው ነው የሚለው።

ሩፈስ የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ፍሪዶስን በሆዷ ይዛ ስለምትዞር፣ ልጁ በላፕቶፑ ፍላሹን አዘጋጀው። ማሽኑ ከፍላሹ ተነሳ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ የምታርገበግብ ሰረዝ መጣች። ከዚያ ናዝምን ገለበጥንበት። ናዝም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሞን ታተምና ጁሊያን ሆል የጀመሩት አሰምብለር ነው፤ የተጻፈለትን ትእዛዝ አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ ቁጥር ይለውጣል። ያገኘነው የዶስ ስሪት ቆየት ያለ ነበር። ስሙን ጽፈን ኢንተር ስንል ዲፒኤምአይ የለም ብሎ ተመለሰ።

ልጁ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት እንደገና ሊገለብጥ ሲል አስቆምኩት። መልእክቱ ራሱ ነገሩን ይናገራል። ዶስ የተሠራው ለ16 ቢት ማሽን ነው፤ ለፕሮግራም የሚሰጠው ሜሞሪም ቢበዛ 640 ኪሎባይት ነው። ናዝም ግን 32 ቢት ሆኖ የተዘጋጀ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ሜሞሪ የሚያስረክበው አገናኝ ይፈልጋል። ዲፒኤምአይ የሚባለው ያ የአገናኝነት ስምምነት ነው። ቻርልስ ሳንድማን የጻፈው ሲደብልዩኤስዲፒኤምአይ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ እሱን ናዝም ካለበት ማኅደር ብቻ አስቀመጥነው። ናዝም ተነሳ። ከፍሪዶስ ፓኬጆች ኤዲት የተባለውን መጻፊያና ጥቂት ትእዛዞችን ጨመርንበትና መሣሪያችን ተሟላ። ሁሉም ተደምሮ አንድ የስልክ ፎቶ የሚይዘውን ቦታ አይወስድም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም እንደ ደንቡ ሰላምታ ነው። ናዝም ያወጣውን ፋይል ቁጥር በቁጥር ስናየው ትእዛዙ 9 ባይት ብቻ ነው፦ 180 9 186 9 1 205 33 205 32። ልጁ ይህን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። 180 እና 9 "ጽሑፍ አሳይ" የሚለውን የዶስ አገልግሎት ቁጥር ይመርጣሉ። 205 እና 33 ዶስን ይጠራሉ። 205 እና 32 ያሰናብታሉ። በመካከል ያለው 186 9 1 የጽሑፉን አድራሻ የሚናገር ነው።

"9 እና 1 ምን ማለት ነው?" አለ ልጁ።

ዶስ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚጭነው ሁልጊዜ ከ256ኛው ባይት ጀምሮ ነው። ትእዛዙ 9 ባይት ስለሚወስድ ጽሑፉ የሚጀምረው 265 ላይ ነው። 265 ማለት አንድ ጊዜ 256 እና 9 ነው፤ ኢንቴል ደግሞ ትንሹን አስቀድሞ ይጽፋል። ስለዚህ 9፣ ከዚያ 1። ልጁ ወረቀት አውጥቶ ራሱ ደምሮ አረጋገጠና የጽሑፉን ቦታ ሊያዛውር ሄደ። ቁጥሩ እንደጠበቀው ሲቀየር ሳቀ። ስንት ዓመት ኮምፒውተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ልጅ፣ ፕሮግራም እንዲህ በጣት የሚቆጠር ነገር መሆኑን ያየው ያን ዕለት ነው።

አሁን አማርኛው። ልጁ በስልኩ ላይ የከተሞቹን ስም ጻፈና ወደ ፍላሹ ገለበጠ። ሊበን፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ሽንዲ፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ቋሪት፣ ፈረስ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም፣ እና ነጋዴው በቆሎ የሚያመጣበት የቆጋ መስኖ። ዶስ ላይ ሲከፈት አንድም ፊደል የለም፤ የአውሮፓ ፊደላትና ኮፍያ የደፉ ምልክቶች ዝርግፍ ብለው መጡ። ሆኖም ዝብርቅርቁ ሥርዓት ነበረው። ቤታ የምትመስል ምልክት በየሦስት ቦታው ትመለሳለች። ቡሬ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ሊበን ላይ ሦስት ጊዜ።

ቤታ የምትመስለዋ በአይቢኤም አሮጌ ሠንጠረዥ 225ኛዋ ምልክት ናት። ስልኩ የሚጽፈው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ፕላን 9 ለተባለው፣ እሱም ጥቂት ሰዎች ብቻ ለሚያውቁት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያወጡት ዘዴ ነው፤ አሁን ዓለም ሁሉ ይጽፍበታል። በዚህ አጻጻፍ አንድ የኢትዮጵያ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል፣ የመጀመሪያውም ባይት 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ይሄዳል። ሀ 225 136 128 ነው። ስለዚህ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፊደሉ ሁሉ አለ፣ የሚያውቀው ስክሪን ነው ያጣው።

ስክሪኑን ማሳወቅ ደግሞ ይቻላል። የቪጂኤ ካርድ በጽሑፍ ሁኔታ ሲሠራ የፊደላቱን ሥዕል የሚያነበው ከራሱ ሜሞሪ ነው። ባዮስን በኢንተራፕት 10 ጠርቶ 1100 የሚለውን ቁጥር (ሁለቱም፣ ከታች የሚመጡት የባዮስ ጥሪ ቁጥሮችም፣ በአሥራ ስድስት ቤት ናቸው) ያቀበለው ሰው የራሱን ሥዕል ሊተካበት ይችላል። አንድ ፊደል 16 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ ቢት አንድ ነጥብ። በ ሲሳል የላይኛው ጣሪያ 11111111 ነው፣ ከዚያ በታች ሁለቱ እግሮች 11000011 እየተባሉ ይወርዳሉ። ቡ ላይ ሲደረስ ከቀኝ እግሩ የሚወጣው ጭረት ቦታ ይፈልጋልና አካሉ ትንሽ ይጠብባል፦ 11000110 እያለ ወርዶ መሃሉ ላይ 11000111። ጯን በስምንት ነጥብ ስፋት ለመሣል የሞከረ ሰው ፊደል ቀራጮች ምን ያህል እንደለፉ ይገባዋል። ስምንቱንም ነጥብ አሟጠን ነው የተጠቀምነው። ቪጂኤ ለእያንዳንዱ ፊደል በስክሪኑ ላይ የሚሰጠው 9 ነጥብ ስፋት ነው፤ በአንድ መስመር 80 ፊደል፣ በጠቅላላው 720 ነጥብ። ዘጠነኛው ዐምድ ባዶ ሆኖ ፊደልን ከፊደል ይለያል ብለን ተማመንን።

ሥዕሉን ከመጨረሳችን በፊት የቦታውን ሒሳብ መሥራት ነበረብን። "ፊደላችን በዝቷል፣ ለመኪና አይመችም" የሚለው ወሬ ዕድሜ ጠገብ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የታገሉት ከቁልፍ ማነስ ጋር ነው። በ1980ዎቹም በአሜሪካ እነ ፍስሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ እነ ዶክተር አበራ ሞላ በሞድኢት ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ሲያወጡ፣ ማሽኑ የተሠራው 256 ምልክት ለሚበቃው ሕዝብ ነበር። 33ቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ፣ እንግሊዝኛውም ቦታውን አልለቅም ሲል ጎርፉ ከግድቡ ይበልጣል። ሁሉም የየራሱን ቁጥር እየሰጠ ሄደ፤ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ጉድ ይሆን ነበር። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ ሰው የፓወር ግዕዝንና የቪዥዋል ግዕዝን አለመግባባት ያስታውሰዋል። ዩኒኮድ ለፊደላችን አንድ ወጥ ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪቱ ነው፤ 345 ምልክት።

ቪጂኤ ግን 256 ብቻ የሚችል አይደለም። ሁለት ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ ማሳየት ይችላል፣ 512። ከእሱ በፊት በ1984 የወጣው ኢጂኤም ይችል ነበር። ልጁ ዩኒኮድ ለፊደላችን የከለለውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ቆጠረ። ከ4608 ይጀምራል፣ 4991 ላይ ያልቃል። ባዶ የተተዉትን ጨምሮ 384 ቦታ ነው። ለእንግሊዝኛውና ለቁጥሩ የሚያስፈልገው 128 ነው።

"ደምራቸው" አልኩት።

512። ቁና በስፍር ልክ እንደሚሞላ፣ አንድ የሚተርፍ የለም፣ አንድ የሚጎድል የለም። አይቢኤም ቪጂኤን በ1987 ሲያወጣ ስለ ሀ ስለ ለ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም፤ ዩኒኮዶችም 384 ሲከልሉ ስለ ቪጂኤ አላሰቡም። ነገር ግን ገጠመ። ይበልጥ የገረመን ደግሞ የመተርጎሚያው ስሌት ነው። ከሁለተኛው ባይት 136 ቀንስ፣ በ64 አባዛ፣ ሦስተኛውን ባይት ደምር፤ በቃ፣ የፊደሉ መቀመጫ ተገኘ። ከሦስተኛው ባይት መቀነስ የነበረበት 128 እና ለእንግሊዝኛው ሊደመር የነበረው 128 እርስ በርስ ይጣፋሉ። በአሴምብሊ አንድ መቀነስ፣ አንድ ወደ ግራ ማንሸራተት፣ አንድ መደመር ነው። ፊደላችን ለመኪና አይመችም የሚሉ ሰዎች ይህችን ሦስት መስመር ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ሁለቱን ሠንጠረዥ ጫንን፣ 1103 በሚለው ጥሪ አጣመርናቸው፣ የከተሞቹን ስም ወደ ስክሪኑ ሜሞሪ ጻፍን። ፊደል መጣ! ልጁ ጎረቤት ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ከሠንጠረዥ ሠንጠረዥ የሚመርጠው ቀድሞ ደማቅ ቀለም ይመርጥ የነበረው ቢት ስለሆነ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ "ፍኖ" ቦግ ብሎ "ተ ሰላም" ደብዝዞ ታየ፤ ፍ እና ኖ የሁለተኛው ሠንጠረዥ ናቸው። ለዚህ ባዮስ ራሱ መድኃኒት አለው። 1000 በሚለው ጥሪ 0712 ሲሰጠው ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ይሆናል። ደማቆቹን ቀለሞች እናጣለን፤ የበርበሬ ዋጋ በስምንት ቀለም ቢጻፍ ማንም አይከስም።

ያልገባን ሌላው ነበር። ሊበን ንጹሕ ነው። ቡሬ፣ ሽንዲ፣ ጅጋ፣ ደምበጫ ንጹሕ። ቋሪት ላይ ግን ቋ ቀኝ ጎኑ ወፍሮ ከሪ ጋር ተጣብቋል። ፈረስ ቤት ላይ ፈ ከረ ጋር። ፍኖተ ሰላም ላይ ፍ ከኖ ጋር። ቆጋም እንዲሁ። ልጁ ሥዕሉን ተጠራጠረ፤ ቢቶቹን አንድ በአንድ አየን፣ ምንም የላቸውም። ሞኒተሩን ተጠራጠርኩ፤ ከጥገና ቤቱ ሌላ አምጥቶ ሲሰካ ያው ነው። በሁለት ሞኒተር ላይ ቋሪትን መርጦ የሚያበላሽ ኬብል የለም።

ፍንጩን ያመጣው የፊደል ክርክር ነው። ልጁ ለሙከራ "ፀሐይ" ብሎ ጻፈ፤ እኔ በልማዴ ከሥሩ "ጸሐይ" ብዬ ጻፍኩ። የእሱ ተጣበቀ፣ የእኔ ንጹሕ ሆነ። ሁለቱም ፊደሎች እስከ ስምንተኛው ነጥብ የተሣሉ ናቸው። የጸን ሥዕል አንሥተን በፀ መቀመጫ ላይ አኖርነው፤ ተጣበቀ። የፀን ሥዕል በጸ ቦታ ስናደርገው ንጹሕ ሆነ። እንግዲህ ጉዳዩ ከፊደሉ መልክ ጋር አይገናኝም፤ ከመቀመጫው ነው። ጸ በዩኒኮድ 4920 ነው፣ ፀ 4928፤ ልዩነታቸው አንድ ቤት ብቻ ነው። የተጣበቁትን ሁሉ ስንዘረዝራቸው ሁለት መንጋ ሆኑ። አንዱ የቀ ቤት ከነዘመዶቹ፣ ከ4672 ጀምሮ። ሌላው ፀ፣ ፈ እና ፐ፣ ከ4928 ጀምሮ። የሁለቱ መነሻ ርቀት 256 ነው፤ አንድ ሙሉ ሠንጠረዥ። በየሠንጠረዣቸው ውስጥ ሁለቱም መንጋዎች የተቀመጡት ከ192 እስከ 223 ባሉት 32 ቦታዎች ላይ ነው። በፊትና በኋላ ያለው ሁሉ ሰላም ነው።

192 ላይ ምን አለ? መጽሐፍ ሳናገላብጥ መልሱ በራሱ መጣ። ልጁ ፍላሹ ላይ ያለውን ማኅደር ለማየት ትሪ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ። ትሪ ማኅደሮችን በቅርንጫፍ መስመር አያይዞ ነው የሚያሳየው። አሁን ግን በቅርንጫፉ ፋንታ

ቃቄቄቄ
ቃቄቄቄ
ቀቄቄቄ

እያለ ወረደ፤ ቄዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ልጁ በሳቅ ወደቀ። እኔ ግን ቄዎቹ መያያዛቸው ላይ ቀረሁ። በዱሮው ሠንጠረዥ 195 ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቅርንጫፍ ነው፣ 196 አግድም መስመር ነው፣ 192 የመጨረሻው ማዕዘን። እኛ በቦታቸው ቃን፣ ቄን እና ቀን አስቀምጠናል። መስመር ደግሞ መቆራረጥ የለበትም። ዘጠነኛው ዐምድ ሁልጊዜ ባዶ ቢሆን ኖሮ በዶስ ላይ የሚሠራ ሣጥንና ሠንጠረዥ ሁሉ በየስምንት ነጥቡ ይበጠስ ነበር። ስለዚህ ከ192 እስከ 223 ላሉት ምልክቶች ብቻ ካርዱ ስምንተኛውን ነጥብ ዘጠነኛው ላይ ይደግመዋል። ይህ ልማድ የመጣው አይቢኤም በ1981 ከመጀመሪያው ፒሲው ጋር ካወጣው ባለ አንድ ቀለም ካርድ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ሠንጠረዥ እንዳይቆራረጥ የታሰበ ብልሃት ነው። የቋሪት ቋ የወረሰው የዚያን መስመር ዕጣ ነው።

ጥያቄው ይህን ልማድ ማስጣል ይቻላል ወይ የሚለው ሆነ። የቪጂኤን ውስጣዊ ሰነድ ስናይ፣ አገልግሎቱ በአንድ ቢት የሚበራና የሚጠፋ ነው። የጽሑፍን ሁኔታ የሚቆጣጠረው መዝገብ በተለምዶ 12 ይይዛል፤ 8 እና 4። 8ቱ ለብልጭታ ነው፣ 4ቱ ለመስመሮቹ ድግምግሞሽ። እሱን 8 ብቻ ማድረግ ነው። አገባቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። 960 የተባለው በር የመዝገብ ቁጥርንም ዋጋንም በተራ የሚቀበል አንድ በር ነው፤ አሁን የማን ተራ እንደሆነ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ተራው ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ በቅድሚያ ከበር 986 ማንበብ ያስፈልጋል፤ የተነበበውን ቁጥር ማንም አይፈልገውም፣ ማንበቡ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከዚያ ወደ 960 መጀመሪያ 48 ይላካል፤ 16ቱ የመዝገቡ ቁጥር ነው፣ 32ቱ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ነው። ከዚያ 8።

በአሴምብሊ ሰባት መስመር ነው። ልጁ ጻፈው፣ ናዝም ተረጎመው፣ አስነሳነው። ቋሪት ተላቀቀ። ፈረስ ቤት ተላቀቀ። የፍኖተ ሰላም ፍ ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ ቆመ። ትሪን እንደገና ስንጠራው ቃ ቄ ቄ ቄ አለ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው። መስመሩን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ትሪ ላይ /ኤ ቢጨምርበት በተራ ሰረዝ ይሥልለታል።

ዋጋው እንዳይዘነጋ፦ ይህ ፊደል በተጫነበት ማሽን ላይ ሣጥን የሚሥል የዶስ ፕሮግራም ሁሉ ቄና ሳ እያለ ያጥራል። ኋላ በ2005 እና ከዚያ ወዲህ ዩኒኮድ ለሰባት ቤትና ለሌሎች የጉራጌ ቋንቋዎች፣ ለሌሎችም ከጨመራቸው ፊደላት አብዛኞቹ ከ384ቱ ውጪ ናቸው፤ በ512 ውስጥ ቦታ የላቸውም። ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለግዕዝ ግን ይበቃል። የሁለቱ ሠንጠረዦች ሥዕል 8192 ባይት ነው፣ ትእዛዙ ተጨምሮበት ፕሮግራሙ 9 ኪሎባይት አይሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ቁልፍ ሰሌዳው። ነጋዴው ዋጋ ሲለወጥ ራሱ መጻፍ ይፈልጋልና በእንግሊዝኛው ቁልፍ የሚጽፍበት መንገድ አበጀንለት፤ እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ሴራ ብለው ባወጡት ሥርዓት ዓይነት፣ ተነባቢውን ከዚያ አናባቢውን መምታት። ዩኒኮድ ለአንድ ቤት 8 ቦታ ስለሰጠ ከፊደሉ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች ምንጊዜም የፊደሉን ተራ ይናገራሉ፦ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ እያለ እስከ ሳብዕ 6። ስ ተጽፎ አናባቢው ሲመጣ ሦስቱን ቢት ማጥፋትና አዲሱን ተራ መትከል ነው። ሁለት ትእዛዝ። ከስ ሱ፣ ከስ ሶ። ሕፃናት ሀሁ ሲቆጥሩ የሚሄዱበትን መንገድ ማሽኑ በሁለት ትእዛዝ ሄደበት፤ ለዚህ ክፍል ነበር ብዙ ሌሊት የመደብኩት።

ስክሪኑ መስኮቱ ላይ ቆመ። ነጋዴው መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበና "ይኸማ ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመልሶ ሌላ ነገር ተሸክሞ መጣ፤ ወረቀቱ ዳር ዳሩን የተበሳሳ፣ ሲያትም የሚያንጫጫ የድሮ ፕሪንተር። ገበሬው በርበሬውን አስመዝኖ ሲሄድ የሚዛኑን ወረቀት በአማርኛ ይዞ እንዲሄድ ይፈልጋል።

ልጁ ገመዱን ሰካና የከተሞቹን ፋይል እንዳለ ላከበት። ቤታዋ በየሦስት ቦታው ታተመች። ፕሪንተሩ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ እኛ ስክሪን ካርዱ ላይ የጫንነውን የሚያይበት መንገድ የለውም። በሥዕል ሁኔታ ካዘዝነው ግን ነጥብ ይቀበላል። ችግሩ ስክሪኑ አንድ ባይትን እንደ አግድም መስመር ሲያይ፣ ፕሪንተሩ ደግሞ መርፌዎቹ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ስለሆኑ ያንኑ ባይት እንደ ቋሚ ዐምድ ያያል፤ በአንድ ምልልስም ስምንት ነጥብ ቁመት ብቻ ነው የሚመታው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል ለሁለት ይቆረጣል፣ የላይኛው ግማሽ በመጀመሪያው ምልልስ፣ የታችኛው በሁለተኛው፤ ሁለቱም ግማሾች ከአግድም ወደ ቋሚ መዞር አለባቸው። ልጁ አሁን እየጻፈ ያለው ይህንን 8 በ8 የሚያዞረውን ክፍል ነው። እስካሁን በ እና አ ተገልብጠው ሳይሆን በትክክል ወጥተዋል፤ ቀ ላይ ክቧ ገና ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች።